ከተማውን ከመወሰንዎ በፊት የምታድሩበትን ሰፈር ይወስኑ

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። በመጪው ታኅሣሥ ከባለቤቴ፣ ከአማቴና ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጃችን ጋር ለአራት ቀናት አንድ ከተማ ለመጎብኘት አስበናል። ባለቤቴ ኢስታንቡል ይሁን ይላል፤ ልጄ ለንደንን ነው የምትፈልገው፤ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ግራናዳንና ኮርዶባን የማየት ምኞት አለኝ። አማቴ የትም ብንሄድ ግድ የላቸውም፤ ሶላታቸው ግን ከወቅቱ እንዲያልፍባቸው አይፈልጉም፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ባለፈው ጉዟችን የቀኑን እኩሌታ መስገጃ ቦታና ሐላል ምግብ ስንፈልግ አሳልፈን በመጨረሻ ተኮራርፈን ተመለስን። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ለመዝናናት የሚጓዝ ሰው ሶላት ማሳጠር አይፈቀድለትም ብላኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላህ፣ ውድ እህቴ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ከሦስቱ ከተሞች ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ባለፈው ጊዜ ተኮራርፋችሁ መመለሳችሁ ነው። የሚጎበኙት ቦታዎች በዝርዝር ተይዘው ሶላቱና ምግቡ ግን «ሲደርስ እናስብበታለን» ተብለው ከተተዉ፣ ከተማው የትም ይሁን የት ውጤቱ ያው ነው። ዙህር ሲገባ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ መስጂድ ይፈልጋል፤ የተገኘው መስጂድ አርባ ደቂቃ ይርቃል፤ እዚያ ሲደረስ የሴቶች ቦታ የለውም፤ በዚህ መሐል ሰው ይርበዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ቃል ሁሉ ይጎረብጣል። ሶላቱ ፕሮግራሙን ያፈረሰባችሁ ከመጀመሪያው በፕሮግራሙ ውስጥ ስላልነበረ ነው።

እናንተ የተከራከራችሁት በከተማ ስም ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መወሰን ያለበት የምታድሩበት ሰፈር ነው ባይ ነኝ። ሆቴል ስትመርጡ የምትጠይቁት ጥያቄ «ከታወቀው ሐውልት ምን ያህል ይርቃል?» የሚል ሳይሆን፣ «አምስቱም ሶላት በየቀኑ በጀማዓ የሚሰገድበትና የሴቶች ቦታ ያለው መስጂድ በአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ አለ ወይ?» የሚል ይሁን። እንዲህ ያለ መስጂድ ባለበት አካባቢ ብዙውን ጊዜ የሐላል ሥጋ ቤቱና ምግብ ቤቱም አብሮ አለ፤ በየቀኑ የሚመጣ ሰጋጅ በየቀኑ የሚበላ ደንበኛ ነውና። ስለዚህ አንዱን ነገር በትክክል ከመረጣችሁ ሌላው ችግራችሁ በአብዛኛው ይቃለላል።

«ለሙስሊም ተጓዦች የሚመቹ ከተሞች» እየተባሉ የሚወጡትን ዝርዝሮች ብዙም የማልመክረው ለዚሁ ነው። ዝርዝሩ ከተማው መስጂድ እንዳለው ይነግራችኋል፤ መስጂዱ የት እንዳለ ግን አይነግራችሁም። ሮም እ.ኤ.አ. በ1995 የተመረቀና በአውሮፓ ካሉት ትላልቅ መስጂዶች የሚቆጠር መስጂድ አላት፤ የሚገኘው ግን ጎብኚው ከሚውልበት የከተማዋ መሐል ርቆ በሰሜን በኩል ነው። አቴንስም በመንግሥት ወጪ የተሠራው መስጂዷ በ2020 ሲከፈት ከጥንታዊው ከተማ መሐል ወጣ ባለ የፋብሪካዎች ሰፈር ነው። ሁለቱም ከተሞች ሊጎበኙ ይገባቸዋል፤ ነገር ግን «መስጂድ አለ» የሚለውን ብቻ ይዞ የሄደ ቤተሰብ ሶላቱን ፍለጋ ቀኑን በባቡር ላይ ሊያሳልፍ ይችላል።

ወደ ጓደኛዎ አባባል ልመለስ። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ የመጨረሻውን ቃል ከምታምኑት ዓሊም ጠይቁ። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በፊቅህ መጻሕፍት በሰፊው የተብራራ ስለሆነ መሠረቱን መናገር ይቻላል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ለማሳጠር የሚያስቀምጡት ቅድመ ሁኔታ ጉዞው ለኃጢአት የሚደረግ አለመሆኑ ነው፤ ከአራቱ መዝሃቦች (የፊቅህ ትምህርት ቤቶች) የአንዱ ተከታዮች የሆኑት ሐነፊዮች ይህንንም እንኳ ቅድመ ሁኔታ አያደርጉትም። አገር ለማየትና ለመዝናናት የሚደረግ የተፈቀደ ጉዞ ደግሞ ኃጢአት አይደለም። ርቀቱ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ካለፈ ዙህር፣ ዓስርና ኢሻ ከአራት ረከዓ ወደ ሁለት ያጥራሉ፤ ሱብሂና መግሪብ እንዳሉ ይቀራሉ። የቆይታው ጊዜ ግን ያከራክራል። በሐነፊ መዝሃብ አሥራ አምስት ቀን ለመቀመጥ ያላሰበ ሰው ሙሳፊር (መንገደኛ) ሆኖ ይቆያል፤ ሌሎቹ ሦስት መዝሃቦች በአቆጣጠሩ ዝርዝር ቢለያዩም ገደቡን በአራት ቀን አካባቢ ያደርጉታል። የእናንተ አራት ቀን የመግቢያውንና የመውጫውን ዕለት ጨምሮ ከሆነ በአራቱም መዝሃብ ሙሳፊሮች ናችሁ ማለት ነው። ባለቤትዎ «ሁለት ቀን እንጨምር» ቢሉ ግን ነገሩ ይለወጣልና ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ጠይቁ።

ማጣመሩ ከማሳጠሩ የተለየ ጉዳይ ነው። ሻፊዒዎች፣ ማሊኪዎችና ሐንበሊዎች በየራሳቸው መስፈርት ሙሳፊር ዙህርን ከዓስር፣ መግሪብን ከኢሻ ጋር አንድ ላይ እንዲሰግድ ይፈቅዳሉ። ሐነፊዮች ከሐጅ ቦታዎቹ ከዓረፋና ከሙዝደሊፋ ውጭ ይህን አይፈቅዱም፤ ዙህርን በወቅቱ መጨረሻ፣ ዓስርን በወቅቱ መጀመሪያ አከታትሎ መስገድ ግን ይቻላል ይላሉ፤ በተግባር ሲታይ ለጎብኚ የሚሰጠው ጥቅም ተቀራራቢ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ፦ በምታርፉበት ሰፈር መስጂድ ነዋሪ ከሆነ ኢማም ኋላ ከሰገዳችሁ አራቱን ረከዓ ሙሉ ትሰግዳላችሁ። የጁምዓ ሶላትም በሙሳፊር ላይ ግዴታ አይደለም። ሆኖም በጉዟችሁ መሐል ዓርብ ካለ እንዳያልፋችሁ እመኛለሁ፤ የአንድን ከተማ ሙስሊሞች ለማወቅ ከዚያች አንዲት ሰዓት የሚበልጥ ጉብኝት የለም።

ስለ አማትዎ ጉልበትና ውዱእ ደግሞ ይህን አስቡበት። ከቤት ውጭ አረጋውያንን ከሶላቱ ይልቅ የሚያስቸግራቸው በሕዝብ መታጠቢያ ቤት እግርን ወደ ሳህኑ ማንሳት ነው። ሙሉ ውዱእ አድርገው ኹፍ (ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን የቆዳ ካልሲ) ካጠለቁ፣ ሙሳፊር በሦስቱ መዝሃቦች እስከ ሦስት ቀንና ሌሊት በላዩ ላይ ማበስ ይፈቀድለታል፤ በማሊኪ መዝሃብ ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም። በተራ ካልሲ ላይ ማበስ ግን ዑለማዎችን የሚያለያይ ስለሆነ ኹፉን መግዛት ይሻላል። ከእርሱ ጋር ተጨምቆ ውኃ የሚያፈስ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ በቦርሳ ይያዝ፤ በብዙ የአውሮፓ ከተሞች መጸዳጃ ቤቶች ከሶፍት በቀር ውኃ አታገኙም። ተጣጣፊ ወንበርም አያስፈልግም፤ በትላልቅ መስጂዶች ተቀምጠው ለሚሰግዱ ወንበር ማግኘት የተለመደ ነው።

ቂብላውን ከመነሳታችሁ በፊት እወቁት። ከኢስታንቡል ወደ ደቡብ፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው፤ ከለንደን ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ከግራናዳ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ጥቂት ወደ ደቡብ ያዘነብላል። የስልክ ኮምፓስ ብረትና ማግኔት ባለበት ይሳሳታል፤ ስለዚህ ከብረት አልጋና ጠረጴዛ ራቅ ብላችሁ ለኩት፤ ከተማው ካርታ ላይ ከሚታየው የመንገድ አቅጣጫ ጋርም አስተያዩት። በማሌዥያ ሆቴሎች ጣሪያው ላይ የቂብላ ቀስት ተለጥፎ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ሌላ ቦታ ግን ሥራው የእናንተ ነው።

በምግብ በኩል ጠቡ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ሐላል ከመጥፋቱ አይደለም፤ «ሐላል» ሲባል ከቤተሰቡ አንዱ የሚበቃው ለሌላው ስለማይበቃው ነው። ለአንዱ ባለቤቱ ሙስሊም መሆኑ ይበቃል፤ ሌላው የታወቀ ድርጅት ማረጋገጫ ካላየ አይበላም፤ ሦስተኛው ሥጋው ሐላል ቢሆንም አልኮል በሚሸጥበት ቤት አይቀመጥም። ይህ ልዩነት በረሃብ ሰዓት በምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ሳይሆን ከሳምንት በፊት በቤታችሁ ይነገር፤ ከአራታችሁ የጠበቀውን አቋም የያዘውን ሰው ደንብ ሁላችሁም ለአራት ቀን ብትከተሉ ማንም አይጎዳም። በእርስዎ ቤት ያ ሰው አማትዎ ይመስሉኛል።

ማረጋገጫውም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። በሲንጋፖር የሐላል ማረጋገጫ የሚሰጠው ሙዊስ የተባለው የእስልምና ምክር ቤት ሲሆን፣ በማሌዥያ ደግሞ የጃኪም ምልክት ይታወቃል፤ እዚያ ምልክቱን አይቶ መግባት ነው። በብሪታንያ ግን ሁለት የታወቁ ድርጅቶች አሉ፤ ኤች ኤም ሲ የሚባለው እንስሳው ከመታረዱ በፊት እንዲደነዝዝ አይፈቅድም፤ ኤች ኤፍ ኤ የሚባለው እንስሳውን የማይገድል ማደንዘዣ ይቀበላል። ይህ ለናንተ ለውጥ ካለው በሩ ላይ ያለውን ምልክት እዩ። ማረጋገጫ በሌለበት ቦታ «የአሳማ ሥጋ አለበት?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ በምን ስብ እንደሚጠበስ፣ በወጡ ወይን ጠጅ ይገባ እንደሆነ፣ ድንቹ ከሥጋው ጋር በአንድ ዘይት ይጠበስ እንደሆነ፣ ጣፋጩ ጄላቲን እንዳለበት ይጠየቅ። ይህን ሁሉ መጠየቅ ለሚያሳፍራቸው ቤተሰቦች ትንሽ ማብሰያ ያለው አፓርታማ ተከራይቶ እራትን እዚያው መብላት ከሁሉ የቀለለ መፍትሔ ነው።

አሁን ወደ ከተሞቹ።

ልጅዎ የመረጠችው ለንደን ከሦስቱ መስጂድና ሐላል ምግብ በማግኘት በኩል የሚያስቸግር አይደለም። በምሥራቅ ለንደን ዋይትቻፕል ያለው ትልቁ መስጂድ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለሴቶች የተለየ ሰፊ ማዕከል አለው፤ ባቡሩም በአቅራቢያው ነው። የለንደን ችግር ታኅሣሥ ነው። በዚያ ወር ዙህር የሚገባው በቀኑ እኩሌታ ሲሆን ፀሐይዋ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ዙህር፣ ዓስርና መግሪብ አራት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ይከታተላሉ። ለማያጣምር ሰው ከሰዓት በኋላው በሙሉ ይበጣጠሳል። በተጨማሪም በዲሴምበር 25 ቀን የለንደን የምድር ባቡርም የከተማ አውቶቡስም አይሠራም፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ይዞ ለዚያ ዕለት መድረስ አያስመኝም። በጁን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ የምሽቱ ወገግታም ሌሊቱን ሙሉ ጨርሶ አይጠፋም። ስለዚህ መስጂዶች የኢሻንና የሱብሂን ወቅት በተለያየ ስሌት ይወስናሉ፤ የምታርፉበትን ሰፈር መስጂድ የጊዜ ሰሌዳ ይዞ በዚያው መጽናት ነው። ለልጅዎ ለንደንን በማርች ወይም በሴፕቴምበር ቃል ይግቡላት፤ በእነዚያ ወራት ሌሊቱና ቀኑ የተመጣጠነ ነው።

የእርስዎ ምኞት የሆኑት ግራናዳና ኮርዶባ ለእኔም የልብ ከተሞች ናቸው፤ ለዚህም ነው በጥድፊያ እንዲያዩአቸው የማልፈልገው። በግራናዳ በሚገኘው አልሐምብራ ያሉት፣ የከተማዋ ሙስሊም ገዢዎች የነበሩት የነስሪዶች ቤተ መንግሥቶች ትኬት የመግቢያ ሰዓቱ ተወስኖ የሚሸጥና ቀድሞ የሚያልቅ ነው፤ ሰዓቱ ካለፈ መግባት አይቻልም፤ ስለዚህ የዚያን ቀን ሶላትና ምግብ በትኬቱ ሰዓት ዙሪያ አስቀድሞ መደልደል ይገባል። በግድግዳዎቹ ላይ «ወላ ጋሊበ ኢለላህ»፣ ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም የሚለው የነስሪዶች መፈክር በየቦታው ተቀርጿል፤ ልጅዎ እየቆጠረች ትሂድ፤ ቆጥራ አትጨርሰውም። ከአልሐምብራ ፊት ለፊት በአልባይሲን ኮረብታ ላይ በ2003 የተከፈተ መስጂድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1492 ግራናዳ ከሙስሊም ገዢዎች እጅ ከወጣች ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በዚያ ቦታ አዛን ሲሰማ የሚሰማውን ስሜት ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ነገር ግን አልባይሲን ዳገት ነው፤ መንገዱም በድንጋይ የተነጠፈና ጠባብ ነው። ትንንሽ አውቶቡሶች ቢኖሩም የአማትዎ ጉልበት በቀን ብዙ ጊዜ አይወጣውም።

ምግቡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በግራናዳ መጠጥ ላዘዘ ሰው ትንሽ ሳህን ምግብ በነጻ ማቅረብ ልማድ ነው፤ ውኃ ወይም ጭማቂ ብታዝዙም ሊመጣላችሁ ይችላል፤ በላዩ የደረቀ የአሳማ ጭን መኖሩም ብርቅ አይደለም። ባቄላ አይታችሁ የአትክልት ምግብ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ባቄላን ከአሳማ ጭን ጋር መሥራት የዚያው አካባቢ የታወቀ አሠራር ነው።

በኮርዶባ ደግሞ አንድ ነገር ለአማትዎ አስቀድሞ ይነገራቸው። በ785 መሠራት የጀመረው ታላቁ መስጂድ ከ1236 ጀምሮ ካቴድራል ነው፤ ሙስሊሞች በውስጡ እንዲሰግዱ አይፈቀድም፤ ጠባቂዎቹም ሩኩዕ ሊያደርግ የሞከረን ሰው ያስቆማሉ። ይህን ሳያውቁ ገብተው ሚህራቡን ሲያዩ እጃቸውን ለተክቢራ ቢያነሱ በሰው ፊት መከልከሉ ያሳዝናቸዋል። በዚያ ዕለት ሙሳፊር መሆን ራሱ መፍትሔ ነው፤ ማጣመርን የምትቀበሉ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ዙህርና ዓስርን በማረፊያችሁ አጣምራችሁ ስገዱና ሕንጻውን ተረጋግታችሁ እዩት። እኔ ብሆን ይህን ጉዞ ለእርስዎና ለባለቤትዎ ብቻ፣ በጸደይ ወራት አስቀምጠው ነበር።

እንግዲህ በዚህ ታኅሣሥ፣ ለእነዚህ አራት ሰዎች የምመርጠው የባለቤትዎን ኢስታንቡልን ነው፤ የምመርጠው ግን በዝናዋ ሳይሆን በአማትዎ ምክንያት ነው። በሱልጣናሕመትና በሲርኬጂ በኩል ብታርፉ መስጂድ በየአቅጣጫው አለ፤ ትራሙ በደጃችሁ ያልፋል፤ ደክሟቸው አንድ ሰዓት ማረፍ ሲፈልጉም መስጂድ ውስጥ ተቀምጠው ዚክር ሲያደርጉ እናንተ በአቅራቢያው መዞር ትችላላችሁ። ቱርክ ከ2016 ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን ስለማትቀይር በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ልጅዎም ሳትቀር ለሱብሂ ጀማዓ ልትደርስ ትችላለች። ሥጋው በአብዛኛው ሐላል ነው፤ አልኮል የሚሸጡ ቤቶች ግን ብዙ ናቸው፤ በተለይ በታክሲም ዙሪያ። ይህ ለአማትዎ የሚከብዳቸው ከሆነ እራታችሁን ወደ ፋቲሕ ሰፈር ውስጥ ገባ ብላችሁ ብሉ።

ባለቤትዎ ግን ፕሮግራሙን በቀናቱ ይደልድሉት። የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ማክሰኞ ይዘጋል፤ ዶልማባህቼ ሰኞ፤ ትልቁ ጥንታዊ ገበያ ደግሞ እሑድ። የሱልጣን አሕመድ መስጂድ በሶላት ሰዓት ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ዓርብ ዕለትም ጁምዓው እስኪያበቃ ለጎብኚ አይከፈትም። በአያ ሶፊያ ከ2024 ጀምሮ የውጭ አገር ጎብኚዎች በሌላ በር ገብተው በክፍያ የሚያዩት ላይኛውን ፎቅ ነው፤ ለመስገድ የሚመጣ ሰው በታችኛው ወለል ያለ ክፍያ ይገባል። እናንተ ለሶላት ገብታችሁ ስገዱ፤ የላይኛውን ሞዛይክ ማየት የምትፈልገው ልጅዎ ብትሆን ለእርሷ ብቻ ክፈሉላት። ለጁምዓ ግን ሚማር ሲናን ሠርቶ በ1557 ወደ ጨረሰው ሱለይማኒዬ መስጂድ ብትሄዱ እመርጣለሁ፤ ዳገት ላይ ስለሆነ ለአማትዎ ታክሲ ይያዝላቸው።

ማንም ያልጠየቀኝን አንድ ከተማ ልጨምር፦ ሳራዬቮ። አሮጌው ገበያዋ ባሽቻርሺያ ሜዳ ላይ ነው፤ በ1530 ገደማ የተሠራው የጋዚ ሑስሬቭ ቤይ መስጂድ በመሐሉ ይገኛል፤ ሥጋ ጠብሰው ከሚያቀርቡት የገበያው ቤቶች ብዙዎቹ አልኮል አይሸጡም፤ ጥንታዊው ምኩራብ፣ የኦርቶዶክሱ ቤተ ክርስቲያንና ካቴድራሉም በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ለአረጋዊት እናት ከኢስታንቡልም ይሻላል እል ነበር፤ ነገር ግን በክረምቱ ቅዝቃዜ ከተማዋ በተራሮች መሐል ስላለች ጭሱ ይታፈንባታል፤ በዲሴምበር አየሩ ለሽማግሌ ሳንባ ከባድ ነው። በሜይ ያስቧት።

በሁሉም ከተሞች ለሴቶች ቦታ የሚሰጠው ነገር ይለያያልና፣ ሆቴሉን ከመክፈላችሁ በፊት ለመስጂዱ ስልክ ደውላችሁ ወይም ጽፋችሁ ጠይቁ። በከተማ መሐል ያሉ ትንንሽ መስገጃዎች አንዳንዶቹ የሴቶች ክፍል የላቸውም፤ ሌሎቹ ደግሞ በብዙ ደረጃ የሚወጣ ፎቅ ላይ ያደርጉታል፤ ለአማትዎ ጉልበት ይህ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። መልስ የማይሰጥ መስጂድ ካጋጠማችሁ ሌላ ሰፈር ፈልጉ።

የአውሮፕላን ምግቡ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመጨረሻ ነገር ነው። አየር መንገዶች ኤም ኦ ኤም ኤል በሚል ምልክት የሚያውቁት የሙስሊም ምግብ አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ከበረራው 24 ሰዓት በፊት መታዘዝ አለበት። ለመሄጃው መታዘዙ ለመመለሻው መታዘዝ ማለት አይደለምና፣ በአራታችሁም ስም ለሁለቱም በረራ መመዝገቡን ራስዎ ያረጋግጡ። አላህ መንገዳችሁን ያግራላችሁ።